የኦልድ ኤርፖርቱ የድሮ ቪላ ወይስ የሲኤምሲው አዲስ ጂ ፕላስ ሁለት?

ለእህቴና ለልጆቿ ቤት ስናፈላልግ ሁለት ቀሩን። የኦልድ ኤርፖርቱ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ ቪላ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ሰርቪስ ቤቱ ከጓሮ። በረንዳው ላይ ቆሜ ጽዶቹን ሳይ ልጆቹ ከሥራቸው ሲሯሯጡ ታየኝ። ግን የሳሎኑን ጥግ ስረግጠው ጣውላው ስምጥ አለ፤ ምስጥ ገብቶበታል። ቆርቆሮውና የውኃ መስመሩም መቀየር አለባቸው።

የሲኤምሲው ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው፤ ሮቶው፣ ሴራሚኩ። ግቢው ግን አንድ መኪና ሲቆምበት ያልቃል፤ ደረጃውም ለእናታችን ጉልበት አይሆንም።

ካርታውን ሳታጣሩ ግን ቀብድ እንዳትከፍሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ መሬት) ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ስለዚህ የቪላው ሻጭ «ሊዝ የለበትም» ሲል ለራሱ እውነቱን ነው፤ ለገዢው ግን ክፍለ ከተማ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሲኤምሲው ከመጀመሪያውም ሊዝ ነው፤ የቀረውን ክፍያ ማየት ይበቃል።

እኔ ለቪላው አደላለሁ። የተበላውን ጣውላ አናጺ ይቀይረዋል፤ ሲኤምሲ ግን ጽድ የምንተክልበት መሬት እንኳ የለም።