ግኑካሽ በገበያ ውድቀት ወራት፦ የአንድ ወላጅ የአጠቃቀም ግምገማ

ግኑካሽ የተባለውን የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ለቤተሰብ ሂሳብ መጠቀም የጀመርኩት የአክሲዮን ገበያው መንሸራተት ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብዬ ነው። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ የምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። ከሁሉ በላይ የሳበኝ ግን መዝገቡ በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ መቀመጡ ነው። የልጆቼን የትምህርት ወጪና የቤታችንን ዕዳ የሚያሳይ ሰነድ በማላውቀው ድርጅት ሰርቨር ላይ እንዲያድር አልፈልግም።

አሠራሩ የሂሳብ ባለሙያዎች ድርብ ምዝገባ ነው፤ ገንዘብ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ሁለቱም ወገን ይጻፋል። መድረሻው ካልተጻፈ ሶፍትዌሩ ልዩነቱን «ኢምባላንስ» በሚባል ሂሳብ ውስጥ ይከተዋል፤ እስኪስተካከልም ድረስ ከዝርዝሩ ላይ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድካሚ ናቸው። እንደ ብድር ክፍያ ያሉ ቋሚ ወጪዎች በቀናቸው በራሳቸው እንዲመዘገቡ ከተደረገ በኋላ ግን ሥራው በእጅጉ ይቀላል።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝ ገበያው ሲወድቅ ነው። የአክሲዮን ዋጋ ሲቀንስ አዲሱ ዋጋ በዋጋ ሰንጠረዡ ላይ ይገባል፤ የሀብታችንም ድምር አብሮ ይቀንሳል። በገቢና በወጪ ሂሳቦች ላይ ግን አንዲት መስመር እንኳ አትጨመርም። ኪሳራው ተመዝግቦ የሚዘጋው ስንሸጥ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በስክሪን ላይ ማየቴ በድንጋጤ ከመሸጥ ጠብቆኛል። ትዕግሥት ግን አቅም ይጠይቃል፦ የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ድረስ 57 በመቶ ያህል ወርዶ የቀድሞ ከፍታውን መልሶ ያገኘው በመጋቢት 2013 ነው። ያን ያህል ዓመት መጠበቅ የሚችለው በመሃሉ ገንዘቡን የማይፈልገው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሂሳቦቹን በባንክ ስም መለየቱን ትቼ ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግ እያየሁ ከፋፈልኳቸው። የወራት ቀለብና የሕክምና መጠባበቂያ ለብቻው ነው። የታላቁ ልጄ የትምህርት ክፍያ ስለደረሰ በቁጠባ ሂሳብ ተቀምጧል፤ የትንሿ ድርሻና የጡረታችን ገንዘብ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት በሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ናቸው። የወጪ ሪፖርቱ ወርሃዊውን አማካይ ስለሚያወጣ መጠባበቂያው ስንት ወር እንደሚያኖረን አንድ ማካፈል ብቻ ይበቃል። ባለቤቴና እኔ ስለ ገንዘብ ስንወያይ የምንነሣው ከዚህ ቁጥር ነው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ቀጥሎ ይመጣል።

ቅሬታዬም ቀላል አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊጽፉበት አይችሉም። ከስልክ ጋር በራሱ አይናበብም፤ ስለዚህ ደረሰኝ እያጠራቀሙ ማታ መቀመጥ ግድ ነው። ዋጋዎችን ከኢንተርኔት የሚያመጣው «ፋይናንስ ኮት» የተባለው መሣሪያ የመረጃ ምንጮቹ አሠራራቸውን ሲቀይሩ ይቋረጣል፤ ያኔ ዋጋውን በእጅ አስገባለሁ። የአክሲዮን ሽያጭን ከነትርፉ ወይም ከነኪሳራው መመዝገብም ለጀማሪ ከባድ ነው፤ መመሪያውን ሳያነቡ መሞከሩን አልመክርም።

አሁን መዝገቡ የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት ከኤክስኤምኤል ኤስኪውላይት ወደሚባለው የዳታቤዝ ፋይል ቀይሬዋለሁ። እያንዳንዱ ምዝገባ ወዲያው ይቀመጣል። በኤክስኤምኤል ጊዜ በራሱ ያዘጋጅ የነበረውን መጠባበቂያ ቅጂ ግን በዚህ ስለማይሠራ፣ ቅጂውን ወደ ውጫዊ ዲስክ የማስተላልፈው እኔው ነኝ።