ዲማ ወይስ ማንኩሳ? ከደሴ ለሚነሣ አንባቢ

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ አንብቦ የታሪኩን አገር በእግሩ ሊያይ ከደሴ የሚነሣ ሰው፣ ከባለ ታሪኳ ከሰብለ ወንጌል አገር ከዲማ ጊዮርጊስና ከፍቅረኛዋ ከበዛብህ ትውልድ ቀዬ ከማንኩሳ አንዱን ምረጥ ቢባል፣ እኔ ያለ ማመንታት ዲማን አስቀድምለታለሁ። በአቀስታና በመካነ ሰላም አድርጎ ዐባይን የሚሻገረው መንገድ ዲማ ወደሚገኝበት ወደ ቢቸና አካባቢ ስለሚያቀርበው ጉዞው ያጥርለታል፤ ይልቁንም ደራሲው ራሳቸው በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ስለ ተከታተሉ፣ በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዙሪያ የሚታየው የመኳንንትና የካህናት ኑሮ በቅርብ ያዩት ዓለም ነው። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በአውራ ጎዳናው ላይ ትገኛለች፤ የበዛብህን የስእለት ታሪክ ለሚወድ ትበቃለች። የደሴን ተራራ ቶሳን ለለመደ እግር ሁለቱም አይከብዱም፤ በክረምት ግን የቢቸና ዋልካ ጫማ ስለሚይዝ ጥቅምትን መጠበቅ ይሻላል።