«ሃኒላንድ»፦ ቋንቋውን ሳያውቁ የሚገባ ዶክመንተሪ

ስለ ንብ ማነብ ፊልም እዩ ስላችሁ እንዳታዛጉ። «ሃኒላንድ» በፈረንጆቹ 2019 የወጣ የሰሜን መቄዶንያ ዶክመንተሪ ነው። ኦስካር ላይ በምርጥ ዶክመንተሪም በምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልምም ታጭቷል። በሁለቱም የታጨ ፊልም ከዚያ በፊት አልነበረም።

ባለታሪኳ ንብ አንቢ ሐቲጄ መብራትም ቧንቧም በሌለበት፣ ሰው ጥሎት በሄደ መንደር ከአልጋ ቁራኛ እናቷ ጋር ትኖራለች። ማር ስትቆርጥ ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን ለንቦቹ ነው። ከዚያ ሰባት ልጆችና የከብት መንጋ ይዞ አንድ ጎረቤት ይመጣል፣ እሱም ንብ ይጀምራል፣ ነጋዴው ሲወተውተው ማሩን አራግፎ ይሸጥና የእሱ ንቦች የሷን ይፈጃሉ።

እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። ፊልሙ የሚያወራው ቱርክኛ ነው፣ የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ። ላስረዳት ስል «ዝም በል እስቲ፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ስለ ጎረቤትየውም «ይሄ ሰውዬ ከብት አያውቅም» ብላ ፈረደች። ለካ ዳይሬክተሮቹም ቱርክኛ አይችሉም! መጀመሪያ ንግግሩን ትተው በምስሉ ብቻ ነው ያቀናበሩት። ሦስት ዓመት ተመላልሰው ከ400 ሰዓት በላይ ቀርጸው፣ ለኛ የሰጡን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ጎበዝ የዶክመንተሪ ሰው ለእኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚችል ነው። ሐቲጄ ዋና ከተማው ስኮፕዬ ገበያ ወርዳ ማሯን ትሸጥና የፀጉር ቀለም ትገዛለች። ሃምሳን ያለፈች ሴት፣ በባዶ መንደር፣ ለማን ብላ? «ብቸኝነት የጎዳት» ምናምን የሚል ተራኪ የለም። ቀለሙን ስትመርጥ ታያላችሁ፣ በቃ።

የኛን ጓሳ፣ የመንዝን የሳር ምድር፣ የሚቀርጹት ግን ድሮን፣ ዋሽንት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ «እፁብ ድንቅ» የሚል ወፍራም ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ኃላፊ ከመጋረጃና ከፕላስቲክ አበባ ፊት። ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ ሲፈቀድ ብቻ የሚያሳጭደው የቄሮ ሥርዓት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ሳሩ በተዘጋበት ዓመት ጎጆው የሚያፈስበት ሰውዬ ምን ይላል? እሱን ለመስማት ክረምቱን እዚህ ብርድ ላይ መክረም ይጠይቃል፣ አበሉ ደግሞ የሦስት ቀን ነው።

«ሃኒላንድ»ም እንከን አያጣም። ጠቡ ሲነሳ ካሜራው እዚያው ነው፣ የቀራጮቹ መኖር ምን እንደለወጠ ግን ትንፍሽ አይሉም። የዘርፉ የቆየ በሽታ ነው። በ1922 የወጣው «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» የሚባል ዶክመንተሪ በሰሜን ካናዳ በረዶ የሚኖር የአዳኝ ቤተሰብ ያሳየን ብርሃን እንዲገባ ግማሹ በተቆረጠ የበረዶ ቤት ውስጥ ነበር። እነዚህ እዚያ አልደረሱም፣ ግን አንዲት መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ከአምስት አራት ተኩል። መጀመሪያው ላይ ቀስ ይላል፣ ስልካችሁን ወዲያ አድርጉት። ከልጆች ጋርም ይታያል፣ የከብቶቹ ክፍል ብቻ ይከብዳቸዋል።