ባሊስትራ ወይስ ስቴንለስ? ከከተማው ዳር ቢላዋ ለምትገዙ

በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ መንገድ ዳር ቢላዋ ለሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርባል። አንደኛው ከውጭ የገባ፣ በካርቶንና በፕላስቲክ የታሸገ ስቴንለስ ነው። ሁለተኛው ቀጥቃጭ የመኪና ባሊስትራ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያወጣው ነው። ሦስተኛው ከላሜራ በግራይንደር ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ እንጨት ተገጥሞለት «የእጅ ሥራ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ነው።

ሦስተኛውን ከወዲሁ ላሰናብተው፤ አትግዙት። ላሜራ ካርቦኑ በጣም ትንሽ የሆነ ለስላሳ ብረት ነው፤ ቢያግሉትና ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም አይጠነክርም። ከአርማታ ፌሮ ተቀጥቅጦ የሚወጣውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሲገዙት ይቆርጣል፤ ጥቂት ኪሎ ሽንኩርት ከተከተፈበት በኋላ ዱልዱም ይሆናል። የባሰው ጉዳቱ ደግሞ የእውነተኛውን ቀጥቃጭ ስም ይዞ መውደቁ ነው። «የሀገር ቢላዋ አይቆርጥም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የገዙት ይኼንን ነው።

የሚያከራክሩት እንግዲህ ሁለቱ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ «ምስኪን ባለሙያ ነው፣ እናበረታታው» ተብሎ የሚገዛ ቢላዋ አልወድም። እንዲህ የተገዛ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ሲዝግ ይኖራል፣ ገዢውም ሁለተኛ አይመጣም። ቀጥቃጩን የሚጠቅመው የሠራው ቢላዋ ለምን ሥራ እንደሚበልጥ አውቆ፣ ለዚያው ሥራ የሚገዛው ደንበኛ ነው።

ብረቱ

ባሊስትራ የመኪና ጭነት ተሸክሞ እየተለመጠ መልሶ እንዲቃና ተብሎ የሚሠራ ብረት ነው። ካርቦኑ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ማንጋኒዝ፣ ሲሊከን ወይም ክሮሚየም ይጨመርበታል። ይህ ዓይነቱ ብረት ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ቀጥቃጩ እንደገና በቀስታ 200 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀዋል። በዚያን ጊዜ የተወለወለው ብረት ላይ የገለባ ቀለም ይወጣል። ይህች ሁለተኛዋ ሙቀት ከተዘለለች ቢላዋው አጥንት ላይ ይሸረፋል፤ ከበዛች ደግሞ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ዞሮ ይለሰልሳል።

ስቴንለስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት፤ አለመዛጉ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩው የወጥ ቤት ስቴንለስ ግማሽ በመቶ ገደማ ካርቦንና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ይይዛል፤ ስለቱም ይበረክታል። በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ያነሰ፣ ለስላሳ ነው፤ ማብረቅረቁን አትመኑት። «ማግኔት ከሳበው ስቴንለስ አይደለም» የሚለው ወሬም ከንቱ ነው። የብዙ ማንኪያና ሹካ ስቴንለስ ማግኔት ባይስበውም የቢላዋ ስቴንለስ አብዛኛው ይስበዋል።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ለገዢ ምን ይጠቅመዋል?

ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም። ሙቀቱን የሚለካው በብረቱ ቀለም ነው፤ ቀለሙን ለማየት ደግሞ ጥላ ያስፈልገዋል። ሸራ ሥር ወይም ጨለም ያለ የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ሲሠራ ያየው ሰው ሁሉንም በድህነት ይተረጉመዋል። ድህነቱ አለ፤ ጨለማው ግን የሥራው ጠባይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዩና ብርቱካናማው አይለዩም። ወናፉ ድሮ ከፍየል ቆዳ የሚሰፋ ነበር፤ አሁን በኤሌክትሪክ ንፋስ የተካውም አለ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወይ ወደ ወናፉ ይመለሳል ወይ ሥራው ይቆማል። ክረምት ላይ ከሰሉ ይረጥባል፣ ይወደዳል። ጭሱን ያለ ጭንብል፣ ፍንጣሪውን ያለ መነጽር ነው የሚችለው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ ተነሣ የሚባለው የመንገድ ዳር ጎጆ ነው፤ መስፉንና ጉጠቱን ሸክፎ ወደ ባሰው ዳር ይሄዳል፣ ደንበኛውም ይጠፋዋል።

ከዚህ ሁሉ ለገዢው የሚተርፈው እውነት ይህ ነው፦ ከአንድ ሰው እጅ በአንድ ሳምንት የወጡ ሁለት ቢላዋዎች እኩል አይሆኑም። የፋብሪካውን አንዱን አይተህ ሌላውን ሳታይ መግዛት ትችላለህ። የቀጥቃጩን ግን አንድ በአንድ እያነሣህ ማየት አለብህ።

ሌላም አለ። ሙያው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። አባቱ ሲሰደብ ያየ ልጅ መዶሻውን ለመውረስ አይቸኩልም። ስለዚህ እጁ የተመሰከረለት ቀጥቃጭ ካገኛችሁ ስልኩን መዝግቡ።

ሥራ በሥራ

ለሽንኩርት ስቴንለስ ይሻላል፤ ክርክር የለውም። የወጥ ሽንኩርት ብዛቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀጭንና ቀላል ቢላዋ ይፈልጋል። የቀጥቃጩ ቢላዋ ጀርባው ስለሚወፍር ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል። ሎሚና ቲማቲም ላይም እንዲሁ ነው፤ አሲዱ የባሊስትራውን ብረት ያጠቁረዋል፣ የብረት ጣዕምም ይተዋል። ዶሮ ስትበልቱም 12ቱን ብልት የምታወጡት አጥንት ሰብራችሁ ሳይሆን መገጣጠሚያውን ፈልጋችሁ ስለሆነ፣ ጫፉ የሾለ ቀጭን ስቴንለስ ይመቻል።

ክትፎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሥጋው ጣውላ ላይ በቢላዋ ደቆ መከተፍ ካለበት፣ ክብደት ያለው ቢላዋ ግማሹን ሥራ ራሱ ይሠራል። ቀላል ስቴንለስ ይዞ ሁለት ኪሎ የከተፈ ሰው ክንዱ ይነግረዋል።

ለበዓል እርድ ደግሞ፣ ለፋሲካ ቅርጫም ይሁን ለዒድ አል አድሐ፣ የቀጥቃጩ ካራ ተወዳዳሪ የለውም። ለእንስሳው ሲባል ስለቱ እንደ ምላጭ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ቆዳ መግፈፉ፣ ሥጋውን መደልደሉ ረጅም ሥራ ነው። ርካሽ ስቴንለስ ቆዳው ሳያልቅ ይደነዝዛል፤ ቦታው ላይ ለመሳልም ያስቸግራል። በደንብ የተሠራ ባሊስትራ ድንጋይ ላይ ጥቂት ሲፈተግ ስለቱ ይመለሳል። ስኒ ገልብጣችሁ ብትስሉት እንኳ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ኮዬ ፈጬም ይሁን የካ አባዶ፣ ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች በጋራ አንድ ጥሩ ካራ ቢያስሠሩ ለየቤቱ አራት ርካሽ ከመግዛት ይሻላል።

ሥጋ ቤቶች ፕላስቲክ እጀታ ያለው ስቴንለስ የሚይዙት ግን አውቀው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚታጠብ ዕቃ ነው፣ የእንጨት እጀታ ደግሞ ደምና ውሃ ይጠጣል።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ

መጀመሪያ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ይሄ ከምንድን ነው?» ስትሉት «ከአይሱዙ ባሊስትራ ነው ልጄ» ብሎ የተረፈውን ቁራጭ ጎትቶ የሚያሳያችሁን እመኑ። «ብረት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ቢላዋውን ከእጀታው ይዛችሁ ጀርባውን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩት፤ ከተጣመመ ይታያል። ከዚያ የብረቱን ገጽ ወደ ብርሃን አዙሩት። ባሊስትራ ከመኪና የሚወርደው ብዙ ጊዜ ስለተሰነጠቀ ነው፤ ጥሩ ቀጥቃጭ የተሰነጠቀውን ክፍል ይጥለዋል፣ ጥንቃቄ የጎደለው ግን ሳያየው ያልፋል። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። በጥፍር መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደግ ነው፣ የታፈነ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይ ስንጥቅ አለ ወይ እጀታው ላልቷል።

ቀጥቃጩ አጠገብ ሞረድ አይጠፋም። ስለቱን በሞረዱ ጠርዝ ቀስ አድርጎ እንዲነካው ጠይቁት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ በጣም ደርቋል፣ ይሸረፋል። በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነው። ትንሽ ያዝ እያደረገ የሚሄደው ነው የሚፈለገው። ይህን ስትጠይቁት የሚከፋው ቀጥቃጭ አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጣ ብሎ ከኋላ የደበቀውን የተሻለ ዕቃ ያወጣል።

እጀታው ላይ ብረቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ እዩ፤ እስከ ጫፉ ዘልቆ በሚስማር የተመታው ይበልጣል። ወይራ ጥሩ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የፋብሪካውን ስትገዙ ምርመራው አጭር ነው። ስለቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን፣ እጀታው አለመወዛወዙን አይታችሁ ጨርሱ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ከሰሉም የውጭ ምንዛሪውም ሲንቀሳቀስ ይለዋወጣል። የቀጥቃጩ ካራ ከርካሽ ስቴንለስ ቢበልጥባችሁ ግን አትገረሙ። ዋጋውን ከላሜራው ቢላዋ ጋር እያነጻጸሩ ማስቀነስ ተገቢ አይደለም፤ ዕቃው አንድ አይደለምና።

ቤት ከገባ በኋላ

ብዙ ቀጥቃጮች የጋለውን ብረት የሚያቀዘቅዙት በተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ዘይቱ መርዛማ ነገር አለበት፤ ስለዚህ አዲሱን ቢላዋ ምግብ ከመንካቱ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ ወዲያ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይደርቅ፣ የምግብ ዘይት በስሱ ይቀባ። በጊዜ ብዛት ግራጫ ወይም ሰማያዊ መልክ ቢያወጣ አትፈትጉት፤ ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀይ ዝገት ግን ይፈተግ። ይህን ሁሉ የማደርግበት ጊዜ የለኝም የምትሉ ስቴንለሱን ግዙ፤ የቀጥቃጩን ቢላዋ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የሚያድር ቤት አይገባውም።

ሁለቱንም ዓይነት በደረቅ ግራይንደር አታስሉ። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ የጠፋውን መመለስ የሚችለው እሳት ያለው ሰው ብቻ ነው።

እኔ ብሆን

ብቻውን የሚኖር፣ ሽንኩርትና ድንች የሚከትፍ ሰው አንድ ደህና ስቴንለስ ይበቃዋል። ቤተሰብ ያለው፣ ክትፎ የሚከትፍ፣ በዓል ላይ የሚያርድ ሁለቱንም ይያዝ፦ ትንሹን ከሱቅ፣ ትልቁን ከቀጥቃጭ። አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝና ማድረቅና መቀባት የማይታክታችሁ ከሆነ ባሊስትራውን እመርጣለሁ፤ ሲደነዝዝ ስለቱን፣ ሲላላ እጀታውን የሚያድስ ሰው አለውና።

ተዘጋጅቶ ከተደረደረው ከመምረጥ ማሠራቱ ይሻላል፤ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ የእጃችሁን መጠን ትነግሩታላችሁ። ቀብድ ስጡት፤ ባሊስትራውንና ከሰሉን የሚገዛው በዚያ ነው። ለፋሲካ ካሰባችሁ ጾሙ ሳይጋመስ እዘዙ። በሕማማት ሳምንት ሰዉ ሁሉ ደጁ ላይ ይሰለፋል፣ በጥድፊያ መካከል ቀድማ የምትዘለለውም ያቺ ሁለተኛዋ ሙቀት ናት።