ሲ፣ ዲ፣ ዩ ወይስ ቪ? ያገለገለ ጊታር ስትገዙ አንገቱን አስቀድሙ

የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጊታሬን የገዛሁት በቀለሙ ነው። ያገለገለ ነው፣ ግን ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል። ፒክአፑም፣ የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይረው ክፍል፣ ምርጥ ነው ተባልኩ። ስለ አንገቱ አልጠየቅኩም። ቤት ወስጄ ግማሽ ሰዓት ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክር አንድ ላይ የሚጫንበትን) ስይዝ የአውራ ጣቴ ሥር መንደድ ጀመረ። ልምምድ ያነሰኝ መስሎኝ ስድስት ወር ታገልኩ። አንድ ቀን የጓደኛዬን ጊታር ሳነሳ ነው ነገሩ የገባኝ።

ፒክአፕ ይቀየራል። መቃኛውም ይቀየራል። ቀለሙም ካስጠላችሁ ይቀባል። አንገት ግን፣ በተለይ እንደ ጊብሰን ኩባንያ ሌስ ፖል በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ፣ እንዳለ ነው የምትቀበሉት። እንደ ፌንደር ኩባንያ ጊታሮች በብሎን የታሰረ ከሆነ መለወጥ ይቻላል፤ ግን ሌላ አንገት ለብቻው ከገዛችሁ ያገለገለ ጊታር በመግዛት ያተረፋችሁት ገንዘብ እዚያው ያልቃል።

አንገቱን በመጋዝ አግድም ብትቆርጡት የሚታየው ቅርጽ ነው በላቲን ፊደል የሚጠራው። አራቱን እንያቸው።

ሲ እና ዲ

ሲ ግማሽ ክብ ነው፣ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። መዳፍ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ አውራ ጣታችሁን ከኋላ ብታደርጉትም፣ ከላይ አሻግራችሁ ወፍራሙን ክር ብትይዙበትም አያስቸግርም። ጊታሩን ሳትሞክሩ ከሩቅ ለመግዛት የምትገደዱ ከሆነ ሲ ውሰዱ። የሚጠላው ሰው ጥቂት ነው።

ዲ ከሲ የሚለየው በጀርባውና በትከሻው ነው። ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ጎንና ጎኑ ሞላ ያለ ነው። አውራ ጣታቸውን መሃል ጀርባ ላይ አድርገው ለሚጫወቱ ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። አውራ ጣት ከላይ ለሚያሻግሩ ግን ትከሻው መንገድ ይዘጋል።

«ትከሻ» ያልኩት ጀርባው ወደ ፍሬትቦርዱ፣ ማለትም ክር ወደሚጫንበት ፊት፣ የሚታጠፍበትን ጎን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ውፍረት ያወራል እንጂ እጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ትከሻውን ነው። ሁለት አንገቶች በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለኩ እኩል 21 ሚሊ ሜትር ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ትከሻው የተላጠ ከሆነ ቀጭን ይመስላል፤ ሌላው የሞላ ከሆነ ግንድ የጨበጣችሁ ይመስላችኋል።

ዩ እና ቪ

ዩ የእኛን «ሀ» ነው የሚመስለው። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ትከሻው ሙሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የፌንደር ቴሌካስተሮች ወፍራም አንገት የሚታወቀው በዚህ ቅርጽ ነው፤ እነሱን ተከትለው የሚሠሩ አዳዲስ ጊታሮችም አሉ። ስትጨብጡት መዳፋችሁን ይሞላል። ሪትም ለሚጫወት ሰው፣ በተለይ ለረጅም ሰዓት፣ ከሚታሰበው በላይ ምቹ ነው።

ቪ ደግሞ የተገለበጠ «ለ» በሉት። ጀርባው መሃል ላይ እንደ ጀልባ ሆድ ሸንተረር አለው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በፌንደር ጊታሮች ላይ የተለመደ ነበር፤ የጊታር ተጫዋቹ የኤሪክ ክላፕተን ስም ያለበት የፌንደር ስትራቶካስተርም ለስላሳ ቪ ነው። ሸንተረሩ መዳፍና አውራ ጣት መካከል ይገባና አውራ ጣት ራሱ ወደ ላይ ይሻገራል። ለብሉዝ ቤንድ፣ ማለትም ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ለማቅጠን፣ ግሩም ነው። አውራ ጣቱን ከኋላ ለሚያደርግ ሰው ግን ሸንተረሩ ጣቱን ይወጋዋል። ቪን ሰው ወይ ይወደዋል ወይ ይጠላዋል፤ ሳትሞክሩ አትግዙ።

ቀጭን ሁሉ አይቀልም

አሁን ወደ ቀዩ ጊታሬ ልመለስ። ቀጭን ነበር፣ ያውም በጣም። የዚህ ዓይነቱ ታዋቂው ምሳሌ ዊዛርድ የተባለው የአይባኔዝ ኩባንያ አንገት ነው፤ የመጀመሪያው ዊዛርድ 1ኛው ፍሬት (ፍሬትቦርዱ ላይ አግድም የተሰካው ብረት) ላይ 17 ሚሊ ሜትር፣ 12ኛው ላይ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ለፈጣን ሶሎ የተሠራ ነው፤ ጣት ይንሸራተታል። እኔ ግን ኮርድ ተጫዋች ነኝ። አንገቱ መዳፌን ስለማይሞላ አውራ ጣቴ ብቻውን እንደ ጉጠት ይጨምቃል። ያ ነው ሲያቃጥለኝ የነበረው። የጓደኛዬ ጊታር ከኔው በ4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሕመሙ በዚያው ጠፋ።

ስለዚህ «እጄ ትንሽ ነው፣ ቀጭን ይሻለኛል» የሚለውን ሒሳብ ቶሎ አትመኑት። እጁ ትንሽ የሆነን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የፍሬቶቹ ርቀት ነው። የፌንደር ክር የሚርገበገበው ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር፣ የጊብሰን ደግሞ 628 ገደማ ነው። ከነቱ፣ ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት ቁራጭ፣ እስከ 5ኛው ፍሬት ብቻ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ይፈጥራል። የነቱንም ስፋት እዩ፤ 42 እና 43 ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ጣት ግን ይለያቸዋል።

የፊቱ ጉብታ

ጀርባውን ስታዩ ፊቱን አትርሱ። ፍሬትቦርዱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ የጉብታው ራዲየስ በኢንች ይነገራል። የድሮ ፌንደር 7.25፣ የአሁኑ በአብዛኛው 9.5፣ ጊብሰን 12፣ ዊዛርድ ወደ 16 ይጠጋል። ቁጥሩ ሲያንስ ጉብታው ይጨምራል፤ ኮርድ ይመቻል፣ ግን ክሩ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ቤንድ ስታደርጉ ድምፁ ታንቆ ይቀራል። ቁጥሩ ሲጨምር ቤንዱ ይቀላል።

ሻጩን ምን ትጠይቁታላችሁ?

«ሲ ነው» ቢላችሁ ምንም አልነገራችሁም። የ1ኛውንና የ12ኛውን ፍሬት ውፍረት በካሊፐር ይለካላችሁ። የምትወዱት ጊታር ካላችሁ እሱንም ለኩና አወዳድሩ። ለትከሻው የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ፦ ለስላሳ ሽቦ፣ እንዳይቧጭር ከሥሩ ወረቀት አድርጌ፣ አንገቱ ጀርባ ላይ አጥፈዋለሁ። ከዚያ የሽቦውን ቅርጽ ወረቀት ላይ እስለዋለሁ። ሌላ ጊታር ለማየት ስሄድ ሥዕሉ ኪሴ ውስጥ ነው።

አሮጌ ፌንደር ካገኛችሁ አንድ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንገቱ መጨረሻ ላይ ይታተም የነበረው ፊደል የነቱን ስፋት ነው የሚያመለክተው። ቢ የሚለው 1 ከ5/8 ኢንች ነው፤ ከጀርባው ቅርጽ ጋር አይገናኝም። ፊደሉን አይቶ «ይሄ ሲ ነው» የሚል ሻጭ አጋጥሞኛል፣ ከልቡ ነው ያለው።

ያገለገለ ስለሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አንገቱን በብርጭቆ ወረቀት ልጎት ሊሆን ይችላል። ቫርኒሹ የሆነ ቦታ ካለቀ ጠይቁ። ፍሬት ተቀይሮለት ከሆነም ራዲየሱ ያኔ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ወፍራሙን ክር 1ኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ይዛችሁ 7ኛው አካባቢ ያለውን ክፍተት እዩ። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሰፍቶ ከሆነ ውስጡ ያለው ብረት፣ ትራስ ሮዱ፣ መዞሩን ሻጩ ያሳያችሁ። ካልዞረ ተዉት። ቀጭን አንገት በአየር እርጥበትና በክር ውፍረት ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ ለሱ ይሄ ፍተሻ ግዴታ ነው። አንገቱ የተጣመመ ከሆነ ደግሞ፣ መቃኛው ካለበት ከጊታሩ ራስ በኩል እንደ ጠመንጃ አልማችሁ ስታዩት የሚታወቅ ነው፣ ዋጋም ሳትደራደሩ ተዉት።

ቀዩን ጊታር በኋላ ለአንድ ልጅ ሸጥኩት። አምፕ ላይ እንኳ አልሰካውም። አውራ ጣቱን መሃል ጀርባው ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አንዴ ሮጠበትና ገንዘቡን አወጣ።