እርጅናን ይቀንሳል የሚባለው የኤንኤምኤን ካፕሱል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

አክስቴ በቴሌግራም አዝዛ ስትወስደው የቆየችው ነው፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልጻፍ። እሽጉ ጥሩ ነው፣ ዴሊቨሪው ፈጣን፣ ካፕሱሉም ትንሽ ስለሆነ ለመዋጥ አያስቸግርም፣ ሆዷንም ምንም አላላትም። የከፋኝ አብሮ የሚመጣው ወረቀት ነው፣ "ሴሎችዎን ወደ ወጣትነት ይመልሳል" ይላል። ይሄ ለእናቶቻችን የሚነገር ነገር አይደለም!

ሀሳቡ ከባዶ የመጣ ነው አልልም። ሴሎቻችን ከምግብ ጉልበት ለማውጣትም የተጎዳ ዲኤንኤ ለመጠገንም ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል ያስፈልጋቸዋል፣ እሱ ደሞ እድሜ ሲገፋ በብዙ የሰውነት ክፍል እየቀነሰ ይሄዳል፣ ኤንኤምኤን ማለት ሰውነት እሱን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ግን እርጅና የአንድ ነገር ማነስ ብቻ ቢሆን እኮ ያነሰውን ሞልቶ መገላገል ነበር። ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ያለው ቴሎሜር የሚባል መሸፈኛ ሴል በተከፈለ ቁጥር ያጥራል፣ መከፈል ያቆሙ ሴሎች ሳይሞቱ እዛው ተቀምጠው ጎረቤቶቻቸውን ይረብሻሉ፣ የተበላሸ ፕሮቲን ይጠራቀማል፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን ደሞ በአብዛኛው የሚወስነው የእንስሳው ዘር ነው። የቤት አይጥ ከ3 ዓመት ብዙም አያልፍም፣ እዚሁ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መሬት ውስጥ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ግን ያንኑ በምታክል ሰውነት ከ30 ዓመት በላይ ይቆያል።

ማስረጃውስ? በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ፣ የወር አበባቸው የቆመ 25 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ነበር፣ ለ10 ሳምንት በቀን 250 ሚሊግራም የወሰዱት ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሽሏል። ደስ ይላል፣ ግን ክብደትም የደም ግፊትም አልተለወጠም፣ ዕድሜ ደሞ ጭራሽ አልተለካም። በዛው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የእርጅና ተቋም የሚደግፈው ፕሮግራም ኒኮቲናማይድ ራይቦሳይድን፣ ማለትም የኤንኤምኤንን የቅርብ ዘመድ፣ ለአይጦች ሰጥቶ ወንዱም ሴቷም ዕድሜያቸው አልረዘመም። ራፓማይሲን የሚባለው መድኃኒት ግን እዛው ፕሮግራም ላይ በ2009 ላረጁ አይጦች እንኳን ተሰጥቶ አርዝሟል፣ እሱ ደሞ የበሽታ መከላከያን ስለሚያዳክም በራሳችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም።

ከ5 ኮከብ 2 እሰጠዋለሁ፣ ሁለቱም ለእሽጉና ለዴሊቨሪው ነው። በዛ ብር አክስቴ የግፊት ክትትሏን ብታደርግበት እመርጣለሁ፣ ነግሬያታለሁም። ካንሰር ያለበት ወይም ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው፣ የካንሰር ሴልም ይሄንኑ ኤንኤዲ ነው የሚጠቀመው፣ ወረቀቱ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።