ሌሊት ራሱን የሚሞላው ታንከር፦ የውሃ መውጫውን ከቀየርኩ ከ11 ወር በኋላ

ሌሊት ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሽንት ቤት የገባ ሰው የለም። ድንገት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይጀምራል። አስር ሰከንድ ያህል ይቆይና ዝም ይላል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይደግመዋል። ከዚህ ድምፅ ጋር ግማሽ ዓመት ኖሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ግን የሽንት ቤቱን ታንከር የውሃ መውጫ ከነጎማው አውጥቼ በአዲስ ቀየርኩት።

አሁን አዲሱ ዕቃ 11 ወሩን ይዟል። እንዲህ ያለ ዕቃ በገጠሙት ሳምንት ሁልጊዜ አሪፍ ነው። ፕላስቲክና ጎማ ጠባያቸው የሚወጣው ውሃ ውስጥ ወራት ከተዘፈዘፉ በኋላ ስለሆነ እስካሁን ሳልጽፍ ቆየሁ።

በስህተቴ ልጀምር። ድምፁ የሚመጣው ታንከሩን ከሚሞላው ቫልቭ ነው። ስለዚህ እሱን ከሰስኩት፤ ገዝቼም ቀየርኩት። እውነቱን ለመናገር ከታች ያለውን መውጫም ጠርጥሬ ነበር። ግን እሱን መንካት ማለት ታንከሩን ከመቀመጫው ላይ ማውረድ ማለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። አዲሱ መሙያ ከድሮው ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበርና ችግሩ የተፈታ መሰለኝ። ውሃው ግን እንደ ድሮው መፍሰሱን ቀጥሏል። ልዩነቱ አሁን እኔን ሳይቀሰቅስ መፍሰሱ ብቻ ነው።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት በእርሳስ ነው። ማታ የታንከሩን ክዳን አንስቼ የውሃው ከፍታ ላይ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመርኩ። ከግድግዳ የሚመጣውን ውሃ ዘጋሁና ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ውሃው አልቆ ታንከሩ ወለል ላይ ትንሽ ቀርቷል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ደግሞ ደረቅ ነው። በታች በኩል ወደ መቀመጫው ሾልኮ ሄዷል ማለት ነው። ውሃው መሃል ላይ ወርዶ ቢቆም ኖሮ፣ በዚያ ከፍታ ላይ የትርፍ ውሃ ቱቦው መሰንጠቁን እጠረጥር ነበር። ጭራሽ ባይወርድ ደግሞ መሙያውን መክሰሴ ልክ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም መሙያው ሲበላሽ ውሃው ከመስመሩ በላይ እየወጣ በትርፍ ቱቦው ይፈሳል እንጂ አይጎድልም። ለማትተማመኑበት ሌላም መንገድ አለ። ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ካያችሁ ጎማው እያለቀ ነው ወይም አልቋል።

ቁጥሩን ስሠራው ደነገጥኩ። በየሃያ ደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ይሞላል። በቀን 72 ጊዜ ነው፤ 36 ሊትር። የእኔ ታንከር በአንድ ፍላሽ 6 ሊትር ይለቃል። ማንም ሳይነካው በቀን ስድስት ጊዜ ፍላሽ እያደረገ ነበር ማለት ነው።

የድሮው መውጫ ብዙ ቤት ያለው ዓይነት ነው። ከታች ባለ 2 ኢንች ቀዳዳ፣ በላዩ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ የጎማ ክዳን፣ ከእጀታው ጋር የሚያያዘው ቀጭን ሰንሰለት። አሠራሩ ብልህ ነው። ጎማው ከሥሩ አየር ስለሚይዝ አንዴ ሲነሳ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲያልቅ ብቻ ተመልሶ ይቀመጣል። ችግሩ ጎማው ነው። የእኔን ሳወጣው ጣቴን ከሰል የነካሁ ይመስል አጠቆረው። ጠርዙ ተጣሟል፣ አብጧል። ለዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ሽታ ያጠፋል ተብሎ ታንከር ውስጥ የሚጣለውን ክሎሪን ያለበት ሰማያዊ እንክብል ለዓመታት ስጥልበት የነበርኩት እኔው ነኝ። ክሎሪኑ ቀንም ሌሊትም ጎማውን ይበላዋል። እንክብል የግድ ካስፈለጋችሁ መቀመጫው ላይ የሚንጠለጠለውን ተጠቀሙ።

በነገራችን ላይ፣ ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያለ የመውጫ ቫልቭ ለሽንት ቤት ታንከር የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ከዚያ በፊት ግዴታው ሲፎን ነበር። ሲፎን ውሃውን መጀመሪያ ወደ ላይ አንስቶ በቱቦ መታጠፊያ ላይ አሻግሮ ነው የሚያወርደው። ከሥር የሚዘጋ ጎማ የለውም፤ ስለዚህ በዝምታ የሚያፈስበት ቦታም የለም። ሌሊቱን ስቆጥር ባደርኩ ቁጥር ያ ሕግ ትዝ ይለኝ ነበር።

ወደ ግዢው ልመለስ። መጀመሪያ ያማረኝ ባለ 3 ኢንቹ ነበር። ሰፊ መውጫ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ አዲስ ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ከ1.6 ጋሎን፣ ማለትም ከ6 ሊትር ገደማ በላይ እንዳይለቅ በሕግ ወሰነች። ውሃው ሲያንስ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሥራው አይሠራም። የ3 ኢንች ቀዳዳ ስፋቱ የ2 ኢንቹን ከሁለት እጥፍ በላይ ነውና ውሃውን ባንዴ ዱብ ያደርገዋል። ሆኖም ይህ ምርጫ የእኛ አይደለም። የሴራሚኩ ቀዳዳ ነው የሚወስነው። ባለ 2 ኢንች ታንከር ላይ የ3 ኢንች ቫልቭ አይገባም፤ ሴራሚክ ደግሞ እንደ እንጨት አይሰፋም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን አንስታችሁ ለኩ።

ደግሞም የፍላሽ ጉልበት ማነስ ሁሌ የቫልቩ ጥፋት አይደለም። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ያሳየኝ ዘዴ አለ። በባልዲ 6 ሊትር ውሃ ቀድታችሁ ባንዴ መቀመጫው ውስጥ ድፉት። በባልዲ ጥርግ አድርጎ ሄዶ በእጀታው እምቢ ካለ፣ ችግሩ ታንከሩ ወይም ውሃው ወደ መቀመጫው የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። በባልዲም ካልሄደ ግን ችግሩ ከታች ነው፤ ቫልቭ መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

የገዛሁት ለ2 ኢንች ቀዳዳ የሚሆን፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቫልቭ ነው። በአንድ ጎን የሚከፈት በር የለውም። መሃሉ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ውሃው በዙሪያው ሁሉ ይገባል። ማሸጊያው የሲሊኮን ቀለበት ነው። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ለሙሉ፣ አንዱ ለግማሽ ፍላሽ። ቁልፎቹ በድሮው እጀታ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ከቫልቩ ጋር በኬብል ይገናኛሉ።

መግጠሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላም እዚያው ነበርኩ። ጊዜዬን የበላው ቫልቩ ሳይሆን ታንከሩን ከመቀመጫው ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ዝገው ከዳዶው ጋር አንድ ሆነዋል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቼ ጠበቅኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ በብረት መጋዝ ምላጭ፣ ሴራሚኩን እንዳልቧጭረው ካርቶን አስገብቼ፣ ቀስ እያልኩ ቆረጥኳቸው። በናስ ቡሎን ነው የተካኋቸው። ናስ እንዲህ አይዝግም።

ታንከሩ ሲወርድ በመውጫው ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ ነጭ የውሃ ጨው አገኘሁ። እዚህ ቦታ አትቸኩሉ። አዲስ ማሸጊያ በሻካራ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ከድሮው አይሻልም። ኮምጣጤ በጨርቅ ነክሬ አንድ ሰዓት አስቀመጥኩበትና በፕላስቲክ ጠርዝ ፋቅኩት። ከዚያ ጣቴን በዙሪያው አስኬድኩ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። የሚጎረብጥ ነገር እስኪጠፋ ደገምኩት።

ከሥር ያለውን ትልቁን ዳዶ በእጄ አጠበቅኩና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨመርኩ። በላዩ ታንከሩንና መቀመጫውን የሚያገናኘው ወፍራም ጎማ ይገባል። የድሮውን ጎማ መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ ደህና ቢመስልም ቅርጹን ይዞ ደርቋል። ቡሎኖቹ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ብረታቸው ሴራሚኩን እንዳይነካ የጎማ ሮንዴላ ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አንዱን ቡሎን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ከዚያ ወደ ሌላው ሄድኩ። ታንከሩ በትንሹ አዘነበለ፤ ወፍራሙ ጎማ በአንድ በኩል ብቻ ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ከኋላ በኩል ወለሉ ላይ እርጥበት አየሁ። ደረቅ ሶፍት ከሥር እያስጠጋሁ ስፈትሽ የትኛው ወገን እንደሚንጠባጠብ ታወቀ። ሁለቱንም ፈታሁና ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ እያልኩ እንደገና አጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም። ኃይላችሁን ግን ቆጥቡ፤ ሴራሚክ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም።

የመጀመሪያው ወር በማስተካከል አለፈ። የውሃውን ከፍታ ከትርፍ ቱቦው አፍ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አደረግኩት። ከመሙያው ወደ ትርፍ ቱቦው የሚገባውን ቀጭን ላስቲክም ጫፉን ከውሃው በላይ አሰርኩት። ወደ ታች ጠልቆ ቢገባ ውሃ እየሳበ ያፈሳል፤ እኛም አዲሱን ቫልቭ እንወቅሳለን። ግማሽ ፍላሹ ግን አስቸገረኝ። ፋብሪካው ባስቀመጠው ልክ ውሃው በጣም ያንሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ሁለቴ ይጫን ጀመር። ሁለቴ ከተጫኑት ቁጠባው ምኑ ላይ ነው? ቫልቩ ጎን ያለችውን ማስተካከያ ሁለት ደረጃ ከፍ አደረግኳት፤ ቅሬታው ቆመ።

አምስተኛው ወር ላይ ትልቁ ቁልፍ ተጫነና ሳይመለስ ቀረ። ውሃው ያለማቋረጥ ሲወርድ ቆየ። ኬብሉን ከታንከሩ ግድግዳ ጋር አጥብቄ አጥፌው ኖሯል። ሰፋ ያለ መታጠፊያ ስሰጠው ተስተካከለ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ንድፉንም አልወደድኩትም። የድሮው ሰንሰለት ማንም አይቶ የሚገባው ነገር ነበር። ኬብል ሲታመም ከውጭ ምኑም አያስታውቅም።

ስምንተኛው ወር ላይ ያ ድምፅ ተመለሰ። «ሽሽሽ»። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ከቧንቧው ቡናማ ውሃ መምጣቱን ግን አስታወስኩ። ውሃውን ዘግቼ የቫልቩን የላይኛ ክፍል ሩብ ዙር አዙሬ አወጣሁት። ቀለበቱ ሥር የአሸዋ ፍሬ ተሰክቷል። ጠረግኩት፣ ቀለበቱን ገልብጬ መለስኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ታንከሩንም አላወረድኩም። ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ቀለበቱም ከስምንት ወር በኋላ አላበጠም፣ አልጠቆረም። እንክብል ስላቆምኩም ይሆናል፤ ምስጋናውን ለሲሊኮኑ ብቻ አልሰጥም።

የፍላሹ ጉልበት ተሻሽሏል ወይ? ትንሽ። ሰው የሚጠብቀውን ያህል አይደለም። ከቫልቩ ይልቅ የጠቀመኝ በመቀመጫው ጠርዝ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በሽቦ መጥረጌ ነው፤ ግማሾቹ በውሃ ጨው ተደፍነው ነበር። ጉልበት ብቻ ፈልጋችሁ ይህን ቫልቭ ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሽቦውን ሞክሩ።

ሌላው ቅሬታዬ መለዋወጫው ነው። የድሮው የጎማ ክዳን የማንም ሥሪት ቢሆን ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ይህ ቀለበት ግን ከዚሁ ሞዴል ውጭ አይሆንም። እኔ ሁለት ቀለበት ትርፍ ገዝቼ፣ የሞዴሉን ቁጥር በማይጠፋ ቀለም ታንከሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ካርቶኑ እንደሚጠፋ አውቃለሁና።

የጎማ ክዳናችሁ ብቻ ካለቀ፣ የተቀመጠበት ጠርዝ ለስላሳ ከሆነና ቱቦው ካልተሰነጠቀ፣ ይህን ሁሉ አትድከሙ። ጎማውን ብቻ ቀይሩ፤ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማውን ቀይራችሁም ማፍሰሱ ካላቆመ ያኔ ታንከሩን አውርዱ።

ባለፈው ሳምንት የእርሳሱን ፈተና ደገምኩት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ውሃው ከመስመሩ አልተነቃነቀም። ሁለተኛው ሽንት ቤታችን ግን ሰሞኑን ማጉረምረም ጀምሯል። ክዳኑን አንስቼ ለካሁት፤ 3 ኢንች ነው። የገዛኋቸው ትርፍ ቀለበቶች ለእሱ አይሆኑም።